«ፀረ ባክቴሪያ» ለሚባል አሻንጉሊት ሦስት እጥፍ እንዳትከፍሉ

ስታዲየም አካባቢ ለልጅ መጫወቻ ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡ። አንድ ሱቅ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል የተጻፈበት የፕላስቲክ ዳክዬ በተራው ዳክዬ ሦስት እጥፍ ዋጋ እየቸበቸበ ነው። ሻጩ «99.9 በመቶ ይገድላል፣ ማጠብ ራሱ አያስፈልገውም እህቴ» ይላል። በምንድን ነው የሚገድለው ብዬ ስጠይቀው ካርቶኑን አገላበጠና «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። የኬሚካሉ ስም የለም፣ የአምራቹም የለም። ትቼው ወጣሁ።

ጨዋታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች እንዲህ ብሎ አስተዋውቆ 120,000 ዶላር ተቀጥቷል። ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው ትሪክሎሳን የሚባል ኬሚካል ዕቃውን ከሻጋታ ይከላከል ይሆናል እንጂ ልጁን ከበሽታ እንደሚጠብቅ ማስረጃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ትሪክሎሳንን ከእጅና ከገላ ሳሙና አስወጥቶታል። ከተራ ሳሙናና ውሃ የተሻለ መሆኑን አምራቾቹ ማሳየት አልቻሉማ!

ሌላም ጣጣ አለው። ትሪክሎሳንን የለመዱ ባክቴሪያዎች አንዳንድ አንቲባዮቲኮችንም ሊቋቋሙ እንደሚችሉ በላብራቶሪ ታይቷል። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ይገመታል። እኛ ደግሞ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ማምጣት ለምዶብናል።

እኔን ከዋጋው በላይ ያናደደኝ «ማጠብ አያስፈልገውም» የምትለዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ልጆች የታጠቡባቸውን ዳክዬዎች ቀደው ውስጣቸውን አዩ። ግድግዳው በባክቴሪያ ዝልግልግ ተለብጧል፤ በአብዛኞቹም ሻጋታ ነበረ። ልጁ ዳክዬውን ሲጨምቀው ፊቱ ላይ የሚረጨው እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በአንድ ሳፋ ሁለት ልጅ እየታጠበ፣ ምን እንደሚጠራቀም አስቡት።

የምትገዙ ከሆነ ሆዱ ላይ ቀዳዳ የሌለውን ተራ ዳክዬ ግዙ። በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ቀዳዳ ያለው ቤት ካለ ጨምቃችሁ እዩት፤ ጥቁር ነገር ከወጣ ጣሉት።

ያንን ውዱን የገዛችሁ ደግሞ ካርቶኑንና ደረሰኙን አትጣሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል፤ ለንግድ ቢሮ ስታመለክቱ ያ ጽሑፍ በእጃችሁ ይኑር።