ያገለገለች ኦሪስ ሃይብሪድ ከዲለር ገዝቼ፦ የቢጫዋ መብራት ጣጣ

ለንደን ውስጥ ያገለገለ መኪና መግዛት ያሰበ ሐበሻ ሁሉ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ስለምትሠራው ቶዮታ ኦሪስ ሃይብሪድ ይጠይቀኛል። «እንዴት ናት? ታዋጣለች?» ይለኛል። መልሴ አጭር ነው። መኪናዋ ግሩም ናት። ነዳጅ አትበላም፣ ከተማ ውስጥ ድምፅ የላትም፣ ልጆችም አስቤዛም በደንብ ትይዛለች። ስለ አነዳዷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ቢጫ መብራትና ስለሸጠልኝ ዲለር ነው።

መብራቷ የሞተር ምልክት ያለባት ናት። መኪናዋን ከወሰድኩ ወር እንኳ ሳይሞላኝ ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ አለች። ስገዛት ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነበር። ዓመታዊ ምርመራዋን፣ ኤምኦቲ የሚሉትን፣ ገና በቅርቡ አልፋ ነበር። ሴልስማኑ አፉን ሞልቶ «አንድም እንከን የላትም» ብሎኛል። ማስታወቂያው ላይም ይኸው ቃል በጽሑፍ ሰፍሯል። ማስታወቂያውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬ ነበር። በኋላ ትልቁ ማስረጃዬ እሱ ሆነ።

ለዲለሩ ደወልኩ። «ሴንሰር ነው፣ ትንሽ ሲነዱት ራሱ ይጠፋል» አለኝ። አልጠፋም።

በሰፈራችን ጋሼ የምንላቸው መካኒክ አሉ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህም ሃይብሪድ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የኮድ ማንበቢያቸውን ሰኩ። ፒ 0420 የሚል ኮድ ወጣ። ካታሊስቱ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ፣ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ማሽኑ ላይ ሌላ መስመር ፈልገው አሳዩኝ። የስህተት ኮዶቹ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠፉ ወዲህ መኪናዋ ስንት ማይል እንደሄደች የሚናገር መስመር ነው። ቁጥሩ እኔ ከወሰድኳት ወዲህ ከነዳሁት ጋር ገጠመ ማለት ይቻላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልትሸጥልኝ ሰሞን አንድ ሰው ማሽን ሰክቶ መብራቷን አጥፍቷታል። ኮምፒውተሩ የካታሊስቱን ፍተሻ እንደገና ጨርሶ መብራቷን እስኪያበራ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መሃል መኪናዋ ተሸጠች።

ጋሼ ክሪክ አስገብተው መኪናዋን አነሷት። «ነይ እዪው» አሉኝ። ሥሯ ያለው ቧንቧና ማርሚታ እንደ ዕድሜዋ የዛገ ነው። መሃል ላይ ግን አንድ የሚያብለጨልጭ አዲስ ብረት ገብቷል። የቶዮታ ማህተም የለበትም፣ ቁጥር የለበትም፣ ዋናው ዕቃ የሚለብሰው የሙቀት መከላከያም የለውም። የተበየደበት ቦታ ወፍራምና ጎርባጣ ነው። ጣቴን ሳሳርፍበት ብየዳው ያዘኝ። ጋሼ ብዙ አላወሩም። «የራሷ ተሰርቋል፣ ይሄ ርካሹ ነው» አሉ።

ይህ ስርቆት ለንደን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ካታሊስት ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ሦስቱም ውድ ማዕድናት ናቸው። ሃይብሪድ ላይ ደግሞ የቤንዚኑ ሞተር ሁልጊዜ ስለማይሠራ ማዕድኑ ብዙም ሳይነካ ይቆያል። ለዚህ ነው ሌቦች ፕሪየስና ኦሪስ የሚመርጡት። ሌሊት መጥተው መኪናውን ያነሱና በመጋዝ ቆርጠው በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳሉ። የቶዮታን ዋና ካታሊስት መልሶ ማስገባት ከሺህ ፓውንድ በላይ ያስወጣል። ርካሹ በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኛል። ውስጡ ያለው ማዕድን ግን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደክምና ያቺ መብራት ትመጣለች። እንግዲህ ጥፋቱ የቶዮታ አይደለም። መኪናዋን ለመሸጥ ብሎ ነገሩን የሸፋፈነው ሰው ነው ጥፋተኛው።

አሁን ከሴልስማኑ ጋር ልከራከር። ይህን ቢያነብ «ያገለገለ መኪና ነው እኮ፣ አዲስ አይደለም» እንደሚል አውቃለሁ። ለእኔም ብሎኛል። እውነት ነው፣ ያገለገለ ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ግን ላገለገለ መኪናም ይሠራል። ነጋዴ የሸጠው ዕቃ አጥጋቢ ጥራት ያለው፣ ለተገዛበት ሥራ የሚሆንና እንደተባለው የሆነ መሆን አለበት። ዕድሜዋ፣ ዋጋዋና የተነገረላት ነገር ሁሉ ግምት ውስጥ ይገባል። ጎማ ቢያልቅ ወይም የፍሬን ሸራ ቢሳሳ የአገልግሎት ብዛት ነው፣ አልጨቃጨቅም። የተሰረቀ ካታሊስት በርካሽ ተተክቶ መብራት ማጥፋት ግን የአገልግሎት ብዛት አይደለም። በዚያ ላይ የሞተር መብራት እንደበራ ኤምኦቲ የለም። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ከባድ ጉድለት ተብሎ መኪናውን ይጥለዋል። ኤምኦቲ የማታልፍ መኪና ምኗ ነው አጥጋቢ?

ሁለተኛው መልሱ «የሰጠንሽ የሦስት ወር ዋስትና ሞተርና ካምቢዮ ብቻ ነው የሚሸፍነው» የሚል ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ነው። ዲለሩ የሚሰጠው ዋስትና ከሕጉ በላይ የሚጨመር ነገር ነው እንጂ ሕጉን አይተካም። ደረሰኙ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» ብለው ቢጽፉም ነጋዴ ከሆኑ ያ ጽሑፍ ውሃ አያነሳም። ከግለሰብ ስትገዙ ነገሩ ሌላ ነው። ግለሰብ ሻጭ በዋናነት የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤት ካልሆነ ወይም መኪናው እንዳለው ሆኖ ካልተገኘ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ቤቱ በር ላይ አቁሞ «የባለቤቴ መኪና ናት» የሚለው። የዲለሩን ደረሰኝ በድርጅቱ ስም ማስጻፍ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

አገር ቤትም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ስለዚህ እዚህም እዚያም «የገዛ ገዛ» የሚባል ነገር የለም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ጉድለት ከተገኘ መኪናውን መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። ይህን መብቴን ባውቅም መመለስ አልፈለግሁም። መኪናዋን ወድጃታለሁ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሌላ መፈለግ ፈተና ነበር። የድሮው ናፍጣ መኪናዬ የዩሌዝን፣ ማለትም ጭሳቸው የሚበክል መኪናዎች ክፍያ የሚጠየቁበትን የለንደን ቀጠና፣ መስፈርት ስለማያሟላ ነው የሸጥኩት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2023 ዩሌዝ ለንደንን በሙሉ ካዳረሰ ወዲህ መስፈርቱን የማያሟላ መኪና ይዞ የወጣ ሰው በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። የዚህን ጊዜ ነው ዲለሮች ገበያ የደራላቸው።

ስለዚህ ጥገና ጠየቅሁ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል። የሕጉን ስም ጠቅሼ፣ የኮዱን ፎቶ፣ የብየዳውን ፎቶና ማስታወቂያውን አያያዝኩ። እስከዚያ ድረስ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሰውዬ በማግስቱ «አምጪያት» አለ። ቃና መለወጥ ማለት ይህ ነው። ልብ በሉ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ጥገና ስትጠይቁ ቀኑ መቆጠሩን ያቆማል። መኪናው ተመልሶ ሲመጣ ቢያንስ 7 ቀን ይኖራችኋል።

መኪናዋ «ተሠርታ» ተመለሰች። ጋሼ እንደገና ከሥር አዩዋት። ሌላ ርካሽ ካታሊስት ነው የገባው። ደሜ ፈላ። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ያቺ ቢጫ መብራት ተመልሳ መጣች፣ ያው ኮድ።

እዚህ ላይ ሰዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ 30 ቀኑ አልፏል፣ በቃ ይላሉ። አላበቃም። ሕጉ ለነጋዴው ለመጠገን የሚሰጠው ዕድል አንድ ነው። እሱ ካልተሳካ ወይ ዋጋ ማስቀነስ ወይ መኪናውን መመለስ የገዢው መብት ነው። ስትመልሱ ለነዳችሁበት ያህል ሊቀንስባችሁ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የታየ ጉድለት ደግሞ ስትገዙም የነበረ ነው ተብሎ ይወሰዳል። «አልነበረም» የሚል ነጋዴ እሱ ያስረዳ። እኔ ያቺ የማይል ቁጥር ስለነበረችኝ ያለዚህም ተመችቶኝ ነበር።

ዋጋ እንዲቀንስልኝ ጻፍኩ። የጠየቅሁት የቶዮታ ዋና ካታሊስት ከነመግጠሚያው የሚያወጣውን ነው፣ ሳንቲም አልጨመርኩበትም። ዲለሩ ዝም አለ። ስልክ አያነሳም፣ ኢሜይል አይመልስም።

ያዳነኝ ቀብድ የከፈልኩበት ክሬዲት ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ይባላል። የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ፣ ከዋጋው ጥቂቱ ብቻ በክሬዲት ካርድ ቢከፈልም፣ የካርዱ ኩባንያ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። ቀሪውን በባንክ ነበር ያስተላለፍኩት፤ ያ ምንም አልጎዳኝም። ዴቢት ካርድ ይህ መብት የለውም። ማስረጃዬን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ለካርዱ ኩባንያ ላክሁ። ጊዜ ወሰደ፣ ጥያቄ አበዙብኝ፣ የጋሼንም የጽሑፍ አስተያየት ጠየቁ። መጨረሻ ላይ የጠየቅሁትን ከፈሉ። እምቢ ቢሉ ቀጥዬ የማንኳኳው በር በባንክና በካርድ ጉዳይ የደንበኞችን አቤቱታ የሚያየው የፋይናንስ እንባ ጠባቂ ነበር። ለዲለሩ ደግሞ የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎት አለ፣ እንግላንድና ዌልስ ውስጥ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ሁለቱንም ለመሄድ ቆርጬ ነበር።

ዲለሩንም ዝም አላልኩትም። በነጻ ምክር ለሚሰጠው ለሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር አመለከትኩ፤ እነሱ ነጋዴዎችን ለሚቆጣጠረው ለትሬዲንግ ስታንዳርድስ ያስተላልፋሉ። የሚቀጥለው ገዢ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቋንቋው የሚያስቸግረው፣ ኢሜይል መጻፍ የሚያሳፍረው ሰው ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያሉ ነጋዴዎች የሚተማመኑት በእሱ ዝምታ ነው። ይህ ነው በጣም የሚያናድደኝ።

ኦሪስ ወይም ሌላ ሃይብሪድ ልትገዙ የምትሄዱ ኮድ ማንበቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በርካሽ ይገኛል፣ ከስልክ ጋር ይሠራል። ኮድ ባይኖርም ኮዱ ከጠፋ ስንት ማይል እንደሄደች እዩ። ትንሽ ከሆነ ለምን እንደጠፋ በጽሑፍ ያስረዷችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፣ በዛገ ቧንቧ መሃል አዲስ ብረት ካለ ጠይቁ። በሰሌዳ ቁጥሩ የኤምኦቲ ታሪኩን መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኛላችሁ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ሴልስማኑ «በካርድ አንቀበልም» ካለ ሌላ ዲለር ሞልቷል።

ኦሪሴ ላይ አሁን ያለው ካታሊስት የቶዮታ ነው። ጋሼ ከሥሩ የሌባ መከላከያ ብረት ገጥመውበታል። ከዚያ ወዲህ ኤምኦቲዋን አልፋለች፣ መብራቷም አልበራችም። ትሸጪያታለሽ ወይ ለምትሉኝ፣ አልሸጣትም።