አዲስ የ5ኤል ብሎክ ገዝቼ ሞተሩን ቤቴ ገጠምኩ

ሃይሉክስ ነው የምነዳው፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ከደባርቅና ከዳባት ድንችና ገብስ ጭኜ ጎንደር አራግፋለሁ። እንጀራችን ከዚያች መኪና ነው።

ባለፈው መኸር የኮሶዬን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ጋለብኝ። ሰበቡ የራዲያተር ክዳን ነበር። ላስቲኩ ደርቆ ግፊት አይዝም ነበር። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሞተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። እሱ ሲላላ ውሃው አለቀ፤ ብሎኩም፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተሰነጠቀ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቦሪንግ ገብቷል (ሲሊንደሮቹ ተቦርቡረው ሰፍተዋል)፣ ፊቱም ተልጓል። ከእንግዲህ የሚታደስ ነገር አልነበረውም።

ሰው ሁሉ ያለኝ «ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ሞተር አምጣ» ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን የመኪና ዕቃ ገበያ ማለታቸው ነው። አስቤበት ነበር። ግን ያገለገለ ሞተር ስትገዛ የማታውቀውን ሰው ችግር አብረህ ትገዛለህ። ትንሽ ጨምሬ ከነሳጥኑ ያልተነካ የቶዮታ ብሎክ አዲስ አበባ ገዛሁ። በአይሱዙ ተጭኖ አዘዞ ደረሰ፤ እኛ ግቢ ለማስገባት አራት ጎረምሳ ፈጀ።

ስለ ብሎኩ እውነቱን ልናገር፦ ሥራው ያስደስታል። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ባትሪ ሲበራ ያ የተጠላለፈው የሆኒንግ (የሲሊንደር ውስጥ ማለስለሻ ሞረዳ) ጭረት እንደ ጥሩ ሽመና እኩል ይታያል። የክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ከብሎኩ ጋር የሚይዙት ኮፍያዎች በቦታቸው ታስረው ነው የሚመጡት፤ ከብሎኩ ጋር አብረው ስለተቦረቦሩ አንዱን በአንዱ ቦታ መቀየር ክልክል ነው። የመጠን ቁጥሮቹም ተመትተውበታል። የብሎኩን ቁጥር ከክራንክ ሻፍቱ ቁጥር ጋር ትደምራለህ፤ ድምሩ የትኛው ቤሪንግ (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት) እንደሚገባ ይነግርሃል።

ግን ባዶ ብሎክ ማለት በእውነት ባዶ ነው። የውሃ መንገዱን የሚደፍኑት ክብ ክዳኖች አልነበሩም። ቴስታታውን (ከብሎኩ በላይ የሚቀመጠውን የሞተሩን ራስ) ቦታው የሚያስይዙት ፒኖችም የሉም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፤ ስደውልለት «ሁሉም እንደዚያ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት አልቆምም ነበር።

ሥራውን የጀመርነው ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ነው። አጎቴ ዕድሜውን በሙሉ መካኒክ ነበር። አሁን ዓይኑ ስለደከመ እሱ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። በበጋ የኛ ግቢ አቧራ ነው። ስለዚህ ሳሎኑን አጽድተን በሩ ላይ አቡጀዲ ሰቀልን። ባለቤቴም ቡናውን ጓሮ ስታፈላ ከረመች።

«አዲስ ነው ብለህ እንዳታምነው፤ እጠበው» አለኝ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ከፋብሪካ እኮ ነው የመጣው።»

«እጠበው አልኩህ።»

በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠብኩት። የዘይት ቀዳዳዎቹን በረጅም ብሩሽ ፈተግኩ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክሬ ሲሊንደሩን ስጠርገው ጨርቁ አመድ መሰለ። የፋብሪካው የሆኒንግ ብናኝ ነው። ያ ብናኝ ቢቀር ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበቶች) በልቶ ይጨርሰዋል። አምስት ጊዜ አጥቤ ነው ጨርቁ ነጭ ሆኖ የወጣው። ወዲያው ዘይት ቀባሁት፤ እርጥብ ብረት ወዲያው ይዝጋል።

ፒስቶን ስትገዙ ተጠንቀቁ። የ3ኤልና (የ5ኤል ታናሽ ሞተር) የ5ኤል ምት፣ ማለትም ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ርቀት፣ እኩል 96 ሚሊሜትር ስለሆነ ዕቃቸውን የሚያቀላቅል ሱቅ አለ። የ3ኤል ሲሊንደር ስፋቱ 96 ነው፤ የ5ኤል ግን 99.5። እኔ በካሊፐር ለክቼ ነው የተቀበልኩት።

የክራንክ ሻፍቱን ኮፍያዎች በየተራ እየጨመርን እስከ 103 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አሰርናቸው። እያንዳንዱ ሲታሰር አጎቴ ክራንክ ሻፍቱን በእጁ ያዞረዋል። አምስተኛው ታስሮ ሲያዞረው ምንም ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ቆመ። አጎቴ እጁን ከላዩ አላነሳም። ደግሞ አዞረው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ሞተር ፒስቶኑ የመጨረሻው ከፍታው ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት በትንሹ ብቅ ይላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት የሚመረጠው በዚያ ልክ ነው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ። ቢ ቀጭኑ፣ ኤፍ ወፍራሙ። አሮጌው ብሎኬ ፊቱ ስለተላገ ፒስቶኑ ብዙ ይወጣ ነበርና ኤፍ ነበር የገባለት። እዚህ አንድ ሱቅ ስጠይቅ «አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያለው» ብለው ያንኑ ኤፍ ሰጡኝ። በዳያል ጌጅ ስንለካ አዲሱ ብሎክ የሚፈልገው ቢ ሆነ። ኤፉን ብገጥመው ኮምፕሬሽኑ ይወርድና በደባርቅ የጠዋት ብርድ ነጭ ጭስ እያጨሰ አልነሳም ይለኝ ነበር። በተቃራኒው ወፍራም በሚፈልግ ሞተር ላይ ቀጭኑን ብትገጥም ፒስቶኑ ከላዩ ካለው ቴስታታ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቢውን ከባሕር ዳር አስመጣሁ። አሮጌው ላይ የነበረውን ፊደል አይቶ ብቻ መግዛት አይበቃም፤ መለካት ነው።

የቴስታታውን ቡሎኖች 78 ኒውተን ሜትር አስረን፣ አናታቸው ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ አድርገን፣ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ አዞርናቸው። ቺንጊያውን (ክራንክ ሻፍቱንና ከላይ ያለውን ዘንግ የሚያገናኘውን ቀበቶ) በምልክቱ መግጠም አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የወሰደው።

ለዐቢይ ጾም መግቢያ ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ አዘዞና ፒያሳ መካከል ያለ ጭነት ተመላለስኩ። 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀየርኩ። አሁን ሙሉ ጭነት ይዤ ከደባርቅ ስመለስ የሙቀት መለኪያው ከመሀል ንቅንቅ አይልም። የራዲያተር ክዳኑም አዲስ ነው፣ በእርግጥ።

ብሎካችሁ ሁለት ጊዜ ቦሪንግ ከገባ፣ የሚለካ ሰውም አጠገባችሁ ካለ፣ ግዙት እላለሁ። ለክቶ የሚሠራላችሁ መካኒክ ከሌለ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ሳጥኑንም እዚያው ሱቅ አስከፍታችሁ የጎደለውን ቁጠሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አዲሱ ብሎክ የሞተር ቁጥር አልተመታበትም፤ ሊብሬው ላይ ያለው ደግሞ የአሮጌው ቁጥር ነው። እኔ ገና ሳልገጥመው ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ አሳወቅሁ። ደረሰኙንና ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ከሊብሬው ጋር በአንድ ፕላስቲክ አድርጌ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ነው የምይዘው።