ቴክኒክስ 1200 በደሴ፦ ሸክላው ከዋሽንቱ ጋር ሲገናኝ

ይህን የምጽፈው በአንዲት መንሸራተቻ ምክንያት ነው። የሸክላ ማጫወቻዬ፣ የቴክኒክስ 1200፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ ነች። ወደ ራስህ ስትስባት ሸክላው ይፈጥናል፤ ወደ ፊት ስትገፋት ይዘገያል። ዲጄዎች ፒች እንላታለን። ማሽኗን ስገዛ ለሂፕ ሆፕ ነበር የፈለግኳት፣ የሁለት ዘፈኖችን ምት ለማገናኘት። ከወሎ ዋሽንት ጋር ትስማማለች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ስለ ዕቃዋ የሚጠይቀኝ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 ነች፤ ያገለገለች። ክረምቱ ሳይገባ አዲስ አበባ ገዛኋት። 12 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ወደ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። ረዳቱ ከላይ ልጫናት ሲለኝ እምቢ አልኩ። ጣርማ በርን ስንወርድም ሐረጎን ስንወጣም እጄ ክዳኗ ላይ ነበር።

የሱቁ ልጅ ግን ሊሸጥልኝ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር፦ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ኮንትሮለር። «ብሮ፣ ሸክላ አልፎበታል» አለኝ። «ይሄኛው ሲንክ አለው። አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ምቱ ራሱ ይገጥማል።» ከዚህ ልጅ ጋር እስከ ዛሬ በሆዴ እከራከራለሁ። ምቱ ራሱ ከገጠመ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ዲጄ ማለት ሁለት ዘፈን ሲጋጭ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። ያ ጆሮ ደግሞ ካልሠራ ይሰንፋል። ያኔ ይህንን አልመለስኩለትም፤ ገንዘቡን ቆጥሬ ወጣሁ። አሁን ባገኘው ግን ስለ ሲንክ አላወራውም። ስለ ዋሽንቱ ነው የምነግረው።

ቤቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዋሽንት የሚነፉ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ማታ የሙዚቃ ድምፅ ሰምተው ጎራ አሉ። እኔ ከአክስቴ ቤት ያገኘሁትን አንድ የድሮ ትንሽ ሸክላ እያጫወትኩ ነበር። ዜማው አምባሰል ነው። ቡና ቀረበላቸው፣ ጥቂት አዳመጡና ከጋቢያቸው ስር ዋሽንቶቻቸውን አወጡ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው አንድ ብቻ ይዞ አይዞርም። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ድምፁ ያው ነው፤ እንደ ማሲንቆ ጅማት አይጠብቅም፣ አይላላም። ስለዚህ ረጅምም አጭርም ይይዛሉ። እሳቸውም አንዱን ሞከሩ፤ ከሸክላው ወረደ። ሌላውን ሞከሩ፤ ከሸክላው ወጣ። ሸክላው በሁለቱ መሃል ነበር።

«ይሄ ዘፋኝ እንቢ አለኝ» ብለው ሊያስቀምጡት ሲሉ፣ «ጋሼ፣ ይቆዩ፤ ሸክላውን እኔ ላምጣልዎት» አልኳቸው።

«ሸክላ ደሞ ይቃኛል እንዴ ልጄ?»

«አብሽሩ፣ ይንፉ ብቻ።»

እሳቸው አንዱን ድምፅ ይዘው ቆዩ። እኔ መንሸራተቻዋን በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ ወደ ፊት ገፋሁ። መጀመሪያ ሁለቱ ድምፆች ሲፋጩ ይሰማል፤ አየሩ ውስጥ እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ነገር አለ። ሲቀራረቡ መንቀጥቀጡ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከዚያ ጠፋ። ዋሽንቱና ሸክላው አንድ ሆኑ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነፉ፤ ሸክላው ሲያልቅ «መልሳት» አሉኝ። ሲያልቅ አሁንም «መልሳት»። ያን ሌሊት ያንን ሸክላ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ፤ ምክንያቱም ተአምር አይደለም። ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም ይወጣል፣ ሲዘገይ ይወርዳል። በሙዚቃ ከአንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ የ6 በመቶ ያህል ለውጥ ይበቃል። የዚህች ማሽን ፒች ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 8 በመቶ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ከግማሽ ድምፅ ትንሽ በላይ ቦታ አለህ። ነፊው ለሸክላው የሚቀርበውን ዋሽንት ይመርጣል፣ የቀረውን ክፍተት አንተ በመንሸራተቻዋ ትሞላለህ። ደግሞም ሁሉም ድምፅ አብሮ ስለሚወጣና አብሮ ስለሚወርድ አምባሰሉ አምባሰል እንደሆነ ይቆያል፤ ባቲም ቢሆን እንዲሁ። ጸባዩ አይበላሽም።

ላፕቶፑም ድምፅ ያወጣል፣ ያወርዳል። አውቃለሁ፤ የሱቁ ልጅ ይህን እንደሚለኝም አውቃለሁ። ፍጥነቱን ሳይነካ ድምፁን ብቻ መቀየርም ይችላል። ግን ሰውየው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው እየነፉ እኔ ስክሪን ላይ አላፈጥም። ዓይኔ እሳቸው ላይ፣ ጣቴ መንሸራተቻዋ ላይ። ትንፋሻቸው ሲጠነክር የዋሽንቱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እኔም ፀጉር በምታህል ልክ እከተላቸዋለሁ። ያንን በማውስ ሞክሩት!

ሁለተኛው ያስደሰተኝ ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደሴ ማታ ማታ መብራት ሲደክም ታውቃላችሁ። አምፖሉ ይቀላል፣ ቴሌቪዥኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚህ በፊት የነበረኝ በቀበቶ የሚዞር ርካሽ ማጫወቻ ያኔ ዘፋኙን ያስለቅሰው ነበር፤ ድምፁ ሁሉ ይዋልላል። ይህችኛዋ ፍንክች አትልም። ሞተሯ ከሳህኑ ስር በቀጥታ ነው ያለው፣ መሃል ላይ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። ፍጥነቷን የምትለካው ደግሞ እንደ እጅ ሰዓት በኳርትዝ ነው። አምፖሉ ቀልቶ ዋሽንቱና ሸክላው እንደተስማሙ ሲቀጥሉ ያየሁ ቀን፣ ያወጣሁት ብር ተመለሰልኝ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። መብራቱ ጭራሽ ሲሄድ ግን እሷም ትሄዳለች።

ማሽኗ የተሠራችው ለዚህ አይደለም። የመጀመሪያዋ 1200 ጃፓን ውስጥ የወጣችው በ1972 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው። በዚያው ዓመት ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ አልበም አሳተመ። በዓመቱ ነሐሴ 1973፣ እዚያው ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ሰፈር ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክ የእህቱን ድግስ ሲያጫውት አንድ ነገር አደረገ። ሰዉ አብዝቶ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አይቶ፣ ያቺን ቁራጭ በሁለት ማጫወቻ እየመላለሰ አስረዘማት። ሂፕ ሆፕ ከዚያ ተነሳ። ፒቿ እንዲህ ተንሸራታች የሆነችው የኔዋ፣ ማርክ 2፣ በ1979 መጣች። ዲጄዎቹ ወሰዷት፤ ከእጃቸውም አልወጣችም። ፋብሪካው በ2010 ማምረት አቁሞ በ2016 ተመልሶ ጀምሯል።

እኔ ሂፕ ሆፕን የወደድኩት በቃሉ ሳይሆን ከስሩ ባለው ሙዚቃ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡትን ዘፈን ስሰማ ከስሩ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» እንዳለ ጆሮዬ ለየው። ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ቢት ሠሪ ደግሞ በ2009 ሙሉ አልበም የሠራው ከእኛው የድሮ ሙዚቃ ነው። እነሱ ባሕር ማዶ ሆነው የእኛን ሸክላ ሲያስሱ እኛ ጋ ሳጥን ስር አቧራ ይጠጣል። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ፈቃዱ በመንግሥት እጅ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ አሳተመ፣ ያውም ሸክላውን ውጭ አገር እያስመረተ። በ70ዎቹ መጨረሻ ካሴት መጣና ሸክላው ቆመ። ስለዚህ ያለው ያው የታተመው ነው፣ አይጨመርም። ኦሪጅናሎቹ አሁን ውጭ አገር በውድ ዋጋ ይሸጣሉ።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ግን አሁንም በየቤቱ አሉ። ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት አገር ነው፤ የድሮ ሆቴልና ቡና ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ሸክላ ነበረው። ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። ብዙዎቹ ሽፋናቸው በደሴ እርጥበት ሻግቷል፤ ሸክላው ራሱ ግን በለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውሃ ሲጠረግ ይነሳል። አንዳንዱ ሲታተም ቀዳዳው ከመሃል ሸሽቷል። እሱን ኳርትዝም አያድነውም፤ በየዙሩ ዜማው ይወዛወዛል፣ ዋሽንት አብሮት ሊሄድ አይችልም።

ስክራቹ፣ ሚክሱ፣ ሠርግ ማጫወቱ እንደሚጠበቀው ነው፤ ስለዚያ ብዙ ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእኛ ጭፈራ ብዙው ስድስት ስድስት እየተቆጠረ ነው የሚሄደው፣ ሂፕ ሆፕ በአራት። በግድ ስታገናኛቸው ይደነቃቀፋሉ። ከበሮው ሦስት ሲመታ ቢቱ አንድ እንዲመታ ካደረግክ ግን አብረው ይራመዳሉ። እኔና አዛውንቱ አሁን እሁድ እሁድ የምንሠራው ይህንን ነው።

የሚያስቸግር አለ? መርፌው። እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። ድምፅ የምትቀላቅልበት ሚክሰርም ፎኖ የሚል፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መሰኪያ ከሌለው ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ነው የሚወጣው። የመሬት ሽቦዋን ካላሰርክ ደግሞ እምምም የሚል ድምፅ አይለቅህም። ከሁሉም በላይ ስትገዙ ከኋላ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ከጃፓን ገበያ የመጡት በ100 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ የእኛ ግድግዳ ላይ እንዲሁ ብትሰኳት ትቃጠላለች። ሻጩ «ችግር የለውም» ቢላችሁ ችግር አለው።

አልሸጣትም። ሦስት ሰው ዋጋ ጠርቶልኝ መልሼዋለሁ። አሁን የምፈልገው ጓደኛዋን ነው፤ በአንዷ ሸክላው እየሄደ በሌላዋ ከበሮውን መመላለስ እንድችል። ያው ማርክ 2፣ በ220 ቮልት የምትሠራ፣ ፒቿ ሳትነቃነቅ የምትንሸራተት። ክዳን ባይኖራትም ግድ የለኝም። ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ያለ ሰው ካላት እዚያው ድረስ መጥቼ አያታለሁ፤ ዋሽንት ነፊውንም ይዣቸው ነው የምመጣው፣ የሚፈትኗት እሳቸው ናቸው።