የዲኤክሴን ሞተር ለቀየሩልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይሄን ጽሁፍ አሮጌ የጃፓን መኪና ይዛችሁ "ሞተሩን ላድሰው ወይስ ልቀይረው?" እያላችሁ ለምታስቡ ሁሉ ነው የምጽፈው። አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ በጋሼ እንቀጥል።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ የሞዴል ኮዷ ኬኢ70። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ሞተር 4ኬ ነው፣ 1290 ሲሲ። ዘይት መብላት ጀምራ ነበር፤ ዳገት ላይም ጉልበቷ አልቋል። የእኔ ልብ ደግሞ 4ኤጂኢ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ላይ ነበር። 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት። ዲኤክስ የሚወድ ሰው ይሄን ሞተር ሳይመኝ አይቀርም። አንድ ጋራዥ ገና መኪናዋን ሳያዩ "ችግር የለም፣ እንገጥመዋለን" ብለውኝ ነበር።

ጋሼ ግን ስለ አዲስ ሞተር ከማውራታቸው በፊት ያለውን መመርመር ጀመሩ። አራቱንም ካንዴላ ፈቱ። የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ውስጥ ግፊት) መለኪያውን በየቀዳዳው ሲገጥሙ ረዳታቸው ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ ሞተሯን ያሽከረክራል። ቁጥሩን እያነበቡ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ሶስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ወረደ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ወጣ። "አየህ ልጄ፣ ዘይቱ ክፍተቱን ደፈነልን። ስለዚህ የሚያሳልፈው ፋሻው፣ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው። ባይጨምር ኖሮ ቫልቭ እንል ነበር" አሉኝ። በግምት ሳይሆን በልኬት የሚናገር መካኒክ ማግኘት እንዴት ደስ እንደሚል!

ስለ 4ኤጂኢም አላጣጣሉብኝም። "ሞተሩ ግሩም ነው" ብለው ነው የጀመሩት። ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ፊት ጎማው ከሚጎትት መኪና የወጣው ነው። እዚያ ሞተሩ በአግድም ይቀመጣል፣ ዲኤክስ ላይ ደግሞ በቁመት ነው የሚገባው። እንደዚያ ሲዞር ከኋላ ያለው ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) የሞተር ክፍሉን ግድግዳ ይገፋል። የውሃ መስመሩ መቀየር አለበት። ካምቢዮውም አይሆንም። ኢንጀክሽን ስለሆነ ደግሞ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፑ አለ። "ይሄን ሁሉ የምትፈልገው ከሆነ እሰራልሃለሁ። የምትፈልገው ዳገት የምትወጣ መኪና ከሆነ ግን መንገዱ አጭር ነው።"

አጭሩ መንገድ 5ኬ ነው። የኬ ሞተሮች እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጀመሪያው ኮሮላ ጋር የመጡ ናቸው፤ 3ኬ፣ 4ኬ፣ 5ኬ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የ4ኬና የ5ኬ ፒስተን የሚጓዘው ርቀት እንኳ እኩል ነው፣ 73 ሚሊሜትር። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ላይ ነው። ከ75 ወደ 80.5 ሚሊሜትር ያድጋል። በዚህ ብቻ 1486 ሲሲ ይሆናል። የድሮው ካምቢዮ ይገጥማል፣ ኮፈኑ አይነካም፣ መኪናዋም ያው ዲኤክስ ሆና ትቀራለች። ለእኔ ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። ክላሲክ መኪና ብረቱ ካልተቆራረጠ ዋጋው ሌላ ነው።

የተገኘው 5ኬ ከላይትኤስ ቫን የወጣ ነበር። ጋሼ ከታች ያለውን የዘይት መያዣና መሳቢያ ቱቦውን ከድሮዋ ሞተር አዛወሩ። ሞተር ከወረደ አይቀር ብለው የፍሪሲዮን ዲስኩንና የኋላውን የዘይት ማኅተም ቀየሩ። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) በደንብ እንዲላጩልኝ ስጠይቃቸው ግን እምቢ አሉ። እስኪስተካከል ብቻ። ብዙ ከተላጨ ኮምፕሬሽኑ ይጨምርና በተራ ቤንዚን ማንኳኳት ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ፒስተን ይበላል።

የመጀመሪያው ማስነሻ ላይ የእሳት መስመሩን ነቅለው ሞተሯን ዝም ብለው አሽከረከሯት። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ዘይት እያንዳንዱ ቦታ ሳይደርስ እሳት አይሰጡም።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ዌበር 32/36 ሆነ፤ ቁጥሮቹ የሁለቱ ጉሮሮዎቹ ስፋት ናቸው። ቀስ ብሎ ለሚነዳ 32 ሚሊሜትሩ በቂ ነው፣ ጠለቅ ሲረገጥ 36ቱ ይከፈታል። እሱን ለማስተካከል ነድተን እንመለሳለን፣ ካንዴላ ይፈታል፣ ቀለሙ ይታያል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል። ፈካ ያለ ቡኒ እስኪሆን ድረስ ጄት (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ትንሽ ቀዳዳ) እየቀያየሩ ሞከሩ። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት፣ አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሬኑን ሳያዩም ቁልፉን አልሰጡኝም፤ ጉልበት የጨመረ መኪና ማቆሚያውም መጨመር አለበት ባይ ናቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ ለችኩል ሰው አይሆኑም። አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም፣ ስልክም እየሰሩ አያነሱም። "ለነገ አድርሱልኝ" የምትሉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ዝም ብሎ ድምጽ እንዲጮህ ብቻ ማርመታ (የጭስ ማውጫውን ድምጽ ማፈኛ) ማስቆረጥ የምትፈልጉም እሳቸው ጋ አትሂዱ፣ አይሰሩላችሁም። ዳትሰን 1200 ወይም ስታርሌት ይዛችሁ ትንሽ ሞተሯን በወጉ ማሳደስና ማጠንከር የምትፈልጉ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም።

ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የመኪናውን ወረቀት ያዙ። የሞተር ቁጥሩ ስለሚቀየር የሚመለከተው አካል ጋ እንዴት እንደሚመዘገብ ሳትጠይቁ ሞተር እንድትገዙ አይፈቅዱም።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ረዳትዎንም አመሰግናለሁ፤ ያ ልጅ ከእርስዎ እየተማረ ጎበዝ መካኒክ እየሆነ ነው።