ሌላ ሰው የመሆን ሥራ፦ ስለ «ባለተሰጥኦው ሚስተር ሪፕሊ»

አሜሪካዊቷ ደራሲ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመችው «ባለተሰጥኦው ሚስተር ሪፕሊ» ከወንጀል ልብ ወለዶች ተርታ ይመደባል። ገዳዩን አንባቢው ስለሚያውቀው ግን ምስጢር እየፈታ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው የሚያሳድደው ነገር አያገኝም። ልቡን የሚያንጠለጥለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የገዛ ራሱን ሕይወት ጥሎ በሌላ ሰው ስምና ገንዘብ ለመኖር ምን ምን መሥራት እንዳለበት፣ ሥራውስ እስከ የት እንደሚያዘልቀው ነው።

ቶም ሪፕሊ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ወላጆቹ በቦስተን ወደብ ሰጥመው ስለሞቱ ዘወትር በምታንቋሽሸው አክስቱ እጅ አድጓል። ኒው ዮርክ ውስጥ የግብር ሠራተኛ መስሎ ሰዎችን ያጭበረብራል፤ የሚላኩለትን ቼኮች ግን መመንዘር አይችልም። የመርከብ መሥሪያ ባለቤት የሆኑ አንድ ባለጸጋ የልጃቸው የቅርብ ወዳጅ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ጣሊያን ሄዶ ሥዕል እየሞነጫጨረ የተቀመጠውን ዲኪን እንዲመልስላቸው ወጪውን ችለው ይልኩታል። ቶም ዲኪን አይመልሰውም፤ ይገድለውና እሱን ይሆናል።

ግድያው በሳን ሬሞ ባሕር ላይ፣ በተከራዩት ትንሽ ጀልባ ውስጥ፣ በመቅዘፊያ ይፈጸማል፤ ደራሲዋም ብዙ ገጽ አታባክንበትም። ብዕሯ የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ቶም የዲኪን ፊርማ ይለማመዳል፤ የሟቹን ቀለበቶች ያጠልቃል፤ የዲኪ ወዳጅ ለሆነችው ለማርጅ በዲኪ ቃና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሮም ውስጥ ቤት ተከራይቶ በየወሩ የሚመጣውን ገንዘብ ይቀበላል። ሃይስሚዝ ይህን ሁሉ የምትተርከው ስለ አንድ ጠንቃቃ የሒሳብ ሠራተኛ የዕለት ተግባር የምትጽፍ ይመስል፣ ያለ አድናቆትና ያለ ኩነኔ ነው። ትረካው በሦስተኛ መደብ ይጻፍ እንጂ ከቶም ጭንቅላት ፈጽሞ ስለማይወጣ፣ ወዳጅም ሆነ ፖሊስ ለአንባቢው የሚታየው እንደ እንቅፋት ብቻ ነው። የዲኪ ጓደኛ ፍሬዲ ማይልስ ወደ ሮሙ ቤት ሲመጣ «ምነው ይህ ሰው በቀረ» ብሎ የማይመኝ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ምኞቱ ከማን ወገን እንዳሰለፈው የሚገባው ዘግይቶ ነው።

በእኔ ግምት እጅግ ጨለማው ክፍል የዲኪም የፍሬዲም ግድያ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነው። ምርመራው ሲጠብቅበት ቶም ዲኪነቱን ትቶ እንደገና ቶም ሪፕሊ ለመሆን ይገደዳል። ለገደላቸው ሰዎች ይህን ያህል ያላዘነው ሰው እዚህ ላይ ከልቡ ያዝናል፤ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ያን ዓይን አፋር ወጣት ዳግመኛ መሆን ያስጠላዋል። ነፍስ ማጥፋት በሐሳቡ የማይዞር አንባቢ እንኳ ይህን ጥላቻ ያውቀዋል፤ የትናንት ድክመቱን የሚያስታውስ አንድም ሰው በሌለበት ስፍራ ኑሮን ሀ ብሎ ለመጀመር ያልተመኘ ጥቂት ነውና። ራስን ስለ ማሻሻል የሚጻፉ መጻሕፍት ለዚህ ምኞት ትጋትንና ትዕግሥትን ያዝዛሉ፤ ሃይስሚዝ ግን ቦታው አስቀድሞ በሌላ ሰው የተያዘ ሲሆን ምኞቱ ምን እንደሚያደርግ እስከ ጥጉ ትከተለዋለች። (እሷ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የጻፈችውን ልብ ወለድ ክሌር ሞርጋን በሚል የብዕር ስም አሳትማ፣ በገዛ ስሟ የወጣው በ1990 ነበር፤ በሌላ ስም መሸሸግን ከሩቅ ሰምታ የጻፈች አይደለችም።)

እንከን የለሽ ሥራ ግን አይደለም። ማርጅ በቶም ንቀት ዓይን ብቻ ስለምትታይ ሥጋና ደም ሳትለብስ ትቀራለች፤ ይህ የአተራረኩ ግዴታ ነው ቢባል እንኳ የቬኒሱን ምዕራፍ ያሳሳዋል። የባሰው ደግሞ፣ ሮም ላይ ቶምን እንደ ዲኪ ያነጋገረው የፖሊስ መኮንን ቬኒስ ድረስ መጥቶ በቶምነቱ ሲያነጋግረው አለማወቁ ነው። የጸጉር ቀለምና የአነጋገር ለውጥ ይህን ያህል ዓይን ይጋርዳል ብሎ ለማመን ከአንባቢው ብዙ ቸርነት ይጠበቃል።

ከዚሁ መጽሐፍ ተወስዶ የተሠራው፣ አላን ደሎን የተወነበትና እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፈረንሳይ ፊልም ወንጀሉ ሲጋለጥ ያበቃል፤ ተመልካቹም እፎይ ብሎ ይነሣል። መጽሐፉ ይህን እፎይታ ይነፍጋል፤ ቶም ግሪክ ሲደርስ ሀብቱ ከእጁ አልወጣም፣ በሚደርስበት ወደብ ሁሉ ግን ፖሊስ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ክፉ ሰው ሲቀጣ ሳያይ መጽሐፍ ለመክደን የሚቸገር አንባቢ ፊልሙን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሃይስሚዝ እስከ 1991 ድረስ ስለዚሁ ሰው አራት ተጨማሪ ልብ ወለዶች ብታክልም፣ በእነሱ ውስጥ ቶም ፈረንሳይ ውስጥ ትዳርና ቤት ያለው፣ የተደላደለ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው የመሆን ረሃቡን ለማየት የሚፈልግ በመጀመሪያው መጽሐፍ ቢወሰን ይበቃዋል።