ለልጄ መምህርት ምስጋና፣ ለደብረ ብርሃን ወላጆች ጥቆማ

የልጄ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱም። ስለዚህ ስማቸውን ትቼ ምስጋናዬን እጽፋለሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የሚያስተምሩት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ!

ከእርሳቸው በፊት የነበረውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጄ ተቀመጥ ሲሉት የሚነሳ፣ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው የሚመስል ልጅ ነው። በቀድሞው ትምህርት ቤት የሚያውቁት መድኃኒት ማንበርከክ ብቻ ነበር፤ በዚህ አገር የጠዋት ብርድ፣ ያውም ሲሚንቶ ላይ! «ባለጌ ነው፣ ቤት ውስጥ ቅጡት» ይሉኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል ብላቸው ሳቁብኝ። ልጄ እሑድ ማታ በመጣ ቁጥር ሆዱን ያመው ጀመር።

አዲሷ መምህርት ገና ትምህርት እንደተጀመረ አስጠሩኝ። እንደለመድኩት ወቀሳ ለመስማት ተዘጋጅቼ ሄድኩ። «እናቱ፣ ልጁ ባለጌ አይደለም» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜ የብዙ ወንዶች ልጆች እጅ ለጽሕፈት የሚፈታው ከሴቶቹ ዘግየት ብሎ ነው። ሁሉም ወንድ አንድ ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም፤ የእርስዎን ልጅ ግን አይቼዋለሁ።» ስለ አእምሮ እድገት የጨመሩልኝን አልያዝኩትም። «አይቼዋለሁ» ያሉትን ግን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ደብተር የሚያድለውና ሰሌዳ የሚያጠፋው ልጄ ሆነ። ትምህርቱ ሲረዝም ክፍሉን በሙሉ አስነሥተው ያፍታቱታል። መጻፍ ሲከብደው በቃሉ ያስተርኩታል፤ ስለ ገና ጨዋታ የተናገረውን ራሳቸው ጽፈው መልሰው አስነበቡት።

አንድ ቀን ጽሑፉ አልሆን ቢለው ደብተሩን ቀድዶ አለቀሰ። ልጆቹ «ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?» ብለው ሳቁ። መምህርቷ ሳቁን በዓይናቸው ዝም አሰኝተው አጠገቡ ቁጭ አሉና «አልቅስ የኔ ጌታ፤ ሲወጣልህ አብረን እንጽፋለን» አሉት። ይህን የነገረኝ ልጄ ራሱ ነው። ሲነግረኝም አላፈረም።

መንዝ ያለው ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በልጅነቱ አለንጋው ሲበዛበት ትምህርቱን ጥሎ በግ ጥበቃ ቀረ። ዛሬ ገበያ ላይ በሒሳብ የሚቀድመው ነጋዴ የለም፤ ወረቀት ላይ ፈርም ሲሉት ግን ላብ ያጠምቀዋል። እንዲህ ያሉ መምህርት ቢያገኝ ኖሮ እያልኩ እበሳጫለሁ።

የልጄ ጽሑፍ ገና አልተስተካከለም። ግን ማታ ማታ ለታናሽ እኅቱ ያነብላታል፤ ትምህርት ቤትም ቀድሞኝ ነው የሚወጣው።

መምህራን፣ እባካችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ እኚህ ሴት ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። የትምህርት መምሪያ ሰዎችም ሥልጠና ስታዘጋጁ እርሳቸውን ጋብዙ። እረፍት የለሽ ልጅ ይዛችሁ የተቸገራችሁ ወላጆች ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸው አገናኛችኋለሁ።