አዲስ ታርጋ ስንመዝን፦ ለድሬዳዋ ፀሐይና ለደንገጎ ሌሊት የሚሆነው የትኛው ነው?

የክልል መለያ ፊደላት ቀርተው ተሽከርካሪ ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ ሰሌዳ ይሄዳል ከተባለ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሾፌሮች ቁጭ ባሉበት ሁሉ ወሬው ታርጋ ነው። አንዱ «ድሬ የሚለው ስማችን ሊነሳ ነው» ብሎ ያዝናል። አዋሽን ተሻግሮ የሚሠራው ደግሞ «የመጣሁበትን ታርጋዬ እየተናገረ ከሚያስቆመኝ ይቅርብኝ» ይላል። ሌላው ዋጋውን ይጠይቃል፣ ሌላው መልኩን ያያል። ሁሉም የሚገባ ነው። ሰሌዳ ግን ከሁሉ በፊት እንዲነበብ የተሠራ ዕቃ ነው። ሌሊት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ገጭቶ የሚያመልጥ መኪና ከጠመዝማዛው እስኪሰወር ቁጥሩን ለመያዝ የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እኛም አሁን በእጃችን ያለውንም ሆነ የሚመጣውን የምንመዝነው በዚህ ነው።

ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር የሕዝብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። የአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ታርጋዋን ይፋ ስታደርግ የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላን አስቀምጣ፣ የሚጎትተውን ጽሑፍ ያሰረችው ግን በፊተኛው ጫፉ ላይ ነበር። የዚያ አውሮፕላን የከፍታ መቆጣጠሪያ ክንፍ ከፊት ስለሆነ ጭራ ይመስላል፤ ስህተቱም ከዚህ የመጣ ነው። 35,000 ያህል ሰሌዳ ታትሞ ነበር። ሰው በሰዓታት ውስጥ አየው፣ ሥዕሉም በዚያው ቀን ታረመ። ኒው ዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ንድፉን በሕዝብ ድምፅ ስታስመርጥ፣ ከየትኛውም ንድፍ በላይ ሰውን ያስቆጣው አሮጌ ሰሌዳ ለመቀየር የተጠየቀው 25 ዶላር ነው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን የካናዳዋ ኦንታሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ነጩን ሰሌዳ ትታ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቁጥር ያለው አዲስ ሰሌዳ አወጣች። በቀን ሲያዩት ያምራል፤ በመግለጫው ላይም ችግሩ አልታየም። ሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ቁጥሩ ይሰወራል። ከሥራ ውጪ የነበረ ፖሊስ ፎቶ አንስቶ እስኪያሳይ ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ሰሌዳ ወደ መንገድ ወጥቶ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግዛቲቱ ወደ ነጩ ተመለሰች። ነገሩ የቀለም ምርጫ ብቻ አልነበረም። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ሽፋን በጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች ወይም በጥቃቅን ባለ ማዕዘን ቅርጾች አማካይነት ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሳል። መደቡም ቁጥሩም አብረው ካበሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይጠፋል። አንዱ ሊያበራ፣ ሌላው ሊጨልም ግድ ነው።

በዚህ ሚዛን አሁን ያለው የእኛ ሰሌዳ መሠረቱ ጥሩ ነው። መደቡ ነጭ ነው፤ የሚለያየው የጽሑፉና የጠርዙ ቀለም ነው፦ ቀይ ለኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ለኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴ ለኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ለኮድ 4 የመንግሥት፣ ብርቱካናማ ለኮድ 5። የኮድ 2ቱ ሰማያዊ በነጭ ኦንታሪዮ ተፀፅታ የተመለሰችበት ዓይነት ነው። የኮዱ ቁጥር በክብ ውስጥ ለብቻው መቀመጡም ብልህነት ነው፤ ለምን እንደሆነ የድሬዳዋ ፀሐይ ያሳያል። ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ በፀሐይ ይለቃል። ውሎው ሜዳ ላይ የሆነ ታክሲ ቀዩ እየሳሳ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ከሩቅ ለሚያየው ኮድ 1 እና ኮድ 5 ይምታቱበታል። ያኔ የሚያድነው በክቡ ውስጥ ያለው አኃዝ ነው። በማንኛውም አዲስ ንድፍ ላይ ይህ ክብ እንዲሰፋ እንጂ እንዲጠፋ አንመኝም።

ቀይ ሌላም ድክመት አለበት። ሌሊት ሰሌዳ የሚያነቡ ካሜራዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ብዙ ዓይነት ቀይ ቀለም ከነጩ መደብ ጋር አንድ ሆኖ ይነጣል። ካርቦን ያለበት ጥቁር ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ሰሌዳ በካሜራ ይነበባል ተብሎ ከታሰበ ቁጥሩን ለሁሉም ጥቁር አድርጎ የአገልግሎቱን ዓይነት በጠርዙና በክቡ ቀለም መለየት የተሻለ መንገድ ነው።

ስለ ፊደላችንም መነገር ያለበት አለ። የላቲኑ ችግር O እና 0፣ I እና 1 ናቸው። ጀርመኖች በሰሌዳቸው ላይ P ወደ R፣ 3 ወደ 8 በቀለም እንዳይቀየር ለየት ያለ የፊደል ቅርጽ ሠርተው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይጠቀሙበታል። የእኛ ፊደል የሚለየው በእግርና በቀለበት ነው። አማ እና አፋ ተቀራርበው ሲጻፉ ከሩቅ መለየት ከባድ ነው፤ አ እና ኢን የምትለየው ከእግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቅጥያ ናት። ስለዚህ የግዕዙ ፊደል በሰሌዳው ጥግ ላይ እንደ ማጌጫ ተጨቁኖ ሲቀመጥ ጥቅሙን ያጣል፤ ከላቲኑ እኩል ቁመትና ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ላቲኑም ቢሆን አይነካ እንላለን። ከድሬዳዋ ደወሌን አልፎ ጅቡቲ የሚገባ ከባድ መኪና ወሰን ማዶ የሚያነብለት ሰው ግዕዝ አያውቅም።

የክልል ፊደል መቅረቱን በተመለከተ የእኛ ሚዛን ወደ መቅረቱ ያደላል። አንደኛ፣ አገር አቋራጭ ከባድ መኪናዎች ላይ በክልል ፊደል ፋንታ «ኢት» የሚለውን ሁላችንም ለዓመታት አይተነዋል፤ በዚህ ምክንያት ቁጥር ማንበብ የተቸገረ የለም። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ የሚነበበው ነገር ባነሰ ቁጥር ለቁጥሮቹ ስፋት ይገኛል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሹፌር በሰሌዳው ፊደል የተነሳ መንገድ ላይ መፍራት የለበትም። ድሬን የሚወድ ሰው ቅሬታው ይገባናል። ለከተማ ስም የሚሆን ቦታ ግን መኪናው ላይ ሞልቷል፤ ባጃጆቻችን ከኋላ መስታወታቸው ላይ ሲጽፉት ኖረዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የባለ መኪናው ጉዳይ ነው፤ ጥሩ ሰሌዳ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ መግጠሚያው። ሰሌዳው ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ባጃጅ ላይ በቀጥታ ከኋላው ላሜራ ጋር በሁለት ቡሎን ብቻ ሲታሰር ንዝረቱ ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከዚያ በአንድ ቡሎን ተንጠልጥሎ ቆይቶ መንገድ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ከሰሌዳው ጀርባ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ ማስቀመጥና በአራት ቦታ ማሰር ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ከፊትም ከኋላም የጎማ ሮንዴላ፣ ከኋላ ናይለን ያለው ዳዶ። ተራ ዳዶ በባጃጅ ንዝረት ይላላል። ቀዳዳው 7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በትራፓኖ ከተበሳ በኋላ ዳሩ በሊማ ይለስልስ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ካልተለሰለሰው ዳር ነው። ቁጥር ወይም ፊደል ላይ ፈጽሞ አይበሳ። ዳዶው ሰሌዳው መሃል ለመሃል እስኪጎብጥ አይጥበቅ፤ የጎበጠ ሰሌዳ ለማንበብ ይቸግራል።

ከጃፓን የሚመጡ ትንንሽ መኪናዎች የኋላ ጎድጓዳቸው የተሠራው 33 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ለራሳቸው ሰሌዳ ነው፤ የቡሎን ቀዳዳዎቻቸው በ21 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እዚያ ላይ ረጅሙን ሰሌዳ በግድ ማስገባት ሁለት ጉዳት አለው፦ ጫፎቹ በፓራውልቱ ቅርጽ ይታጠፋሉ፣ የታርጋ መብራቱም መሃሉን ብቻ ያበራል። ባለ ሁለት መደዳው ሰሌዳ ካለ ለኋላ እሱን መጠየቅ ይሻላል። የሐረር ፔጆ 404ዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። መያዣው ብረት ዝጎ ሰሌዳው በሽቦ ይታሰራል፣ የታርጋ መብራቱ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተበጥሷል። በሽቦ የታሰረ ሰሌዳ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያጋድላል፤ ጥቂት ማጋደል ንባቡን ባያጠፋውም ከከፍተኛ ተሽከርካሪ ላይ ለሚያይ ሰው ብርሃኑን ይቀንሳል። አዲስ መያዣ ማስበየድ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ብየዳው ግን ሰሌዳው ወርዶ እንጂ ተሰቅሎ እያለ አይሁን፣ ሙቀቱ ሽፋኑን ያነሳዋል።

መብራቱ ነጭ ይሁን። ለጌጥ ተብሎ የሚገባው ሰማያዊ ኤልኢዲ ነጩን መደብ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ያለው የኮድ 2 ሰማያዊ ቁጥር ይሟሟል። ቀይ መብራትም ኮድ 1ን እንደዚሁ ያጠፋል። ባለ 5 ዋት ተራ ነጭ አምፖል ይበቃል።

አቧራው ከባዱ ጠላት ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ የሚነሳው ደቃቅ አሸዋ ሰሌዳው ላይ በስሱ ይጋገራል፤ በዓይን ያለ አይመስልም፣ የማንጸባረቅ ኃይሉን ግን ይወስደዋል። አጣቢዎች በደረቅ ጨርቅ ሲፈትጉት አሸዋው ራሱ ሽፋኑን ይቧጭረዋል፤ በቤንዚን ወይም በብረት ሱፍ ሲያስለቅቁት ደግሞ የተነሳው ቀለም አይመለስም። መጀመሪያ ውኃ አፍስሶ አሸዋውን ማስወረድ፣ ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅና በቀላል ሳሙና ማጠብ ነው። ከኋላ ጎማ በቅርብ ሰሌዳ ያላቸው ከባድ መኪናዎችና ተሳቢዎች ከጎማው ጀርባ የጭቃ መከላከያ ጎማ ካላንጠለጠሉ ማጠቡ ትርጉም የለውም፤ አንድ ጉዞ ይበቃዋል።

ግልጽ ፕላስቲክ ሽፋን አንመክርም። እዚህ ፀሐይ ላይ ይቢጫል፣ በውስጡም አቧራና እርጥበት ይይዛል፤ ብርሃኑ ሲገባም ሲመለስም ሁለት ጊዜ ይቀንሰዋል። ጥቁር ሽፋንማ ሆን ብሎ መደበቅ ነው። የለቀቀ ቁጥር በማርከር ማድመቅም አይገባም፦ መስመሩ ትንሽ ወጣ ካለ መደቡን ያደበዝዛል፣ ከዚያም በላይ ሰሌዳ እንደ መለወጥ ሊቆጠር ይችላል። ከደበዘዘ ምትክ መጠየቅ ነው።

ሰሌዳው አሁንም ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጨለማ ቦታ ላይ አቁሞ 20 ከዚያም 40 እርምጃ ርቆ በስልክ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ስልኩ ከዓይን ትይዩ ይያዝ። መደቡ በአንድ ዓይነት ነጭ ካበራ ሽፋኑ ደኅና ነው። ጥቁር ጥቁር ጥላ ካለው ሽፋኑ እዚያ ቦታ ላይ ሞቷል። ቁጥሩን ጨምሮ ሁሉም ነጭ ከሆነ ካሜራው ብርሃን አብዝቷል ማለት ነው፤ የስልኩን ብርሃን ቀንሶ እንደገና ማንሳት ነው። አዲስ ሰሌዳ ሲወጣም ተመልካች በአዳራሽ ፎቶው ላይ ከሚከራከር ይህንን የሌሊት ፎቶ ቢጠይቅ ይጠቅማል።

ሰሌዳ በእጅ ሲገባ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ማመሳከር ነው፤ የፊትና የኋላው አንድ መሆኑንም ማየት። ሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ በትክክል መተላለፉ አብሮ ይታይ። ቁጥሩ ከተቀየረ የሦስተኛ ወገን መድኅኑና ቦሎው በአዲሱ ቁጥር መስተካከል አለባቸው፤ መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነም ለባንኩ ማሳወቅ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የነዳጁን ነው። በሞባይል ሲከፈል የሚገባው የሰሌዳ ቁጥር ስለሆነ፣ የተመዘገበው አሮጌው ከሆነ ማደያ ደርሶ ሰልፍ ላይ ከመንገላታት በፊት ማስተካከል ያስፈልጋል። አሮጌው ሰሌዳ ደግሞ ተመላሽ ነው፤ ሲመለስ የመረከቢያ ወረቀት ተቀብሎ ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ፣ ያ ቁጥር ነገ ሌላ መኪና ላይ ቢገኝ ማስረጃው እሱ ነው።